ተራርቀው የሚኖሩ ምእመናንና አገናኞቻቸው

ምንባብ፤ ሰዋስው (ተደራራጊና አደራራጊ ግሦች)፤ ድርሰት

ሀ/ ከማንበባችሁ በፊት

በምትኖሩበት ቀበሌ ዕድር፣ ሰንበቴ ወይም ማኅበር ሳይኖር አይቀርም። የእነዚህ አባላት በአብዛኛው ጎረቤታሞች ናቸው፤ የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ይሰማል፤ የሰማም ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። አባላቱ ግን በአንድ ከተማ ቀርቶ በአንድ አገር እንኳ የማይኖሩ ቢሆኑ ጥሩምባውን ማን ይነፋል? ማንስ ይሰማዋል? ይህን ጥያቄ በልባችሁ ይዛችሁ የሚከተለውን ምንባብ አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ እንደ «ተጠያየቀ» እና እንደ «አቀራረበ» ያሉ ግሦችን ስታገኙ በእርሳስ አስምሩባቸው፤ ወደ ሰዋስው ክፍል ስንደርስ እንፈልጋቸዋለን።

ለ/ ምንባብ

የጥንት ግብፃውያን አገራቸውን «ኬሜት» ብለው ይጠሩ ነበር። ከቋንቋው ሊቃውንት አብዛኞቹ ቃሉን «ጥቁሪቱ ምድር» ብለው ይተረጕሙታል፤ ጥቁረቷም የዓባይ ሙላት በየዓመቱ በግራና በቀኝ ያነጥፈው ከነበረው ደለል የመጣ ነው ይላሉ። ያ ደለል አመዛኙ ከኢትዮጵያ ደጋማ ምድር በዓባይና በተከዜ ተጠርጎ የወረደ ነበር። አስዋን ላይ ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተሠርቶ ከተፈጸመ ወዲህ ሙላቱም ደለሉም ከግብፅ ማሳ ቀርተዋል፤ ስሙ ግን አልቀረም። የጥንቱን የግብፅ ሃይማኖት መልሰው ለማቋቋም የተነሡ፣ ራሳቸውንም በዚህ ስም «ኬሜታውያን» ብለው የሚጠሩ ምእመናን ዛሬ አሉ። የሚያስደንቀው ነገር እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው በዓባይ ዳር የሚኖሩ አለመሆናቸው ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌሎችም አገሮች ከተሞች፣ አንዱ ከአንዱ ርቆ፣ ብዙ ጊዜም አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ ይኖራሉ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ታሪኩን ጥቂት ወደ ኋላ ሄዶ መመልከት ያስፈልጋል። የጥንቱ አምልኮ ከሁሉም ቦታ ዘግይቶ የጠፋው በግብፅ ደቡባዊ ወሰን ላይ በነበረው በፊላይ ደሴት፣ በአይሲስ ቤተ መቅደስ ነው። ዘመኑ በእርግጥ ከሚታወቀው የሂሮግሊፍ ጽሑፍ ሁሉ የመጨረሻው በዚሁ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ394 ተቀርጾ ይገኛል። ግብፅ ክርስቲያን ከሆነች በኋላም ከወሰኑ ማዶ ይኖሩ የነበሩት ብሌሚያውያንና ኖባውያን ወደ ፊላይ መምጣታቸውን አልተዉም። በ5ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከሮማውያን ጋር የሰላም ውል ሲዋዋሉ፣ ያለ ከልካይ ወደ ቤተ መቅደሱ እንዲሻገሩና የአይሲስን ምስል ለተወሰነ ጊዜ ወደ አገራቸው ወስደው እንዲመልሱ የሚፈቅድ አንቀጽ በውሉ ውስጥ አስገብተዋል። ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ምእመናኑ ለቤተ መቅደሱ ሩቅ ስለ ሆኑ ምስሉ ራሱ ይጓዝላቸው ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት ግን ንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ ቤተ መቅደሱን አዘጋ፤ ካህናቱም ታሰሩ። የጥንቱን ጽሕፈት የሚያነብ ሰው ጠፋ፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1822 የአነባበቡን ምሥጢር እስኪፈታውም ድረስ ድንጋዩ ሁሉ ዲዳ ሆኖ ኖረ።

እንግዲህ የዛሬዎቹ ኬሜታውያን ሃይማኖቱን ከአባትና ከእናት የተቀበሉ አይደሉም። ከመጻሕፍት፣ ከቤተ መዘክርና ከተመራማሪዎች ትርጕም ለቅመው ያጠናቀሩት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ማኅበሮቻቸው አንዱ በአሜሪካ በካሊፎርንያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በኒው ዮርክ አውሳር አውሴት የተባለው ማኅበር ተመሠረተ፤ ይህኛው በተለይ ጥቁር አሜሪካውያንን ከጥንታዊት አፍሪካ ጥበብ ጋር ለማስተሳሰር የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ታማራ ስዩዳ የተባለች አሜሪካዊት «የኔቸር ቤት» የሚባለውን ማኅበር መሠረተች፤ «ኔቸር» በጥንቱ ቋንቋ አምላክ ማለት ነው። እነዚህ ማኅበሮች በትምህርታቸውም በሥርዓታቸውም ይለያያሉ፤ ስለዚህ ስለ አንዱ የሚነገረውን ስለ ሁሉም አድርጎ መውሰድ አይገባም። አንድ ችግር ግን ሁሉንም ያገናኛቸዋል፤ እርሱም የቦታ ርቀት ነው።

ርቀቱ ለጸሎት ያን ያህል አያስቸግርም። በ«ኔቸር ቤት» ሥርዓት ምእመኑ በየቤቱ ትንሽ መቅደስ አበጅቶ፣ ታጥቦና ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ መብራት አብርቶና ዕጣን አጢሶ «ሰኑት» የሚባለውን ጸሎት ብቻውን ያደርሳል። ለዚህ ካህንም ጎረቤትም አያስፈልገውም። ችግሩ የሚመጣው ከጸሎቱ በኋላ ነው። የታመመ ሰው ራሱን ሊጠይቅ አይችልም፤ ያዘነም ራሱን ሊያስተዛዝን አይችልም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የሞት ነገር ነው። በጥንቱ የግብፅ እምነት ሟች በሕያዋን ዘንድ የሚኖረው ስሙ እየተጠራ፣ መሥዋዕት እየቀረበለት ነው፤ ስሙ የተረሳ ሰው ሁለተኛ ሞት እንደ ሞተ ይቈጠራል። ታዲያ በአንድ ታላቅ ከተማ ብቻውን የሚኖር፣ ቤተሰቡም እምነቱን የማይጋራው ኬሜታዊ ቢሞት ስሙን ማን ይጠራለታል? ምናልባት ሞቱን እንኳ የሚያውቅ ወንድም ላይኖር ይችላል።

በየአካባቢው የሚነሡት በጎ ፈቃደኞች የሚያስፈልጉት ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ፈቃደኛ ካህን መሆን የለበትም፤ ደመወዝም የለውም። ቀን ተራ ሥራውን እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው በአንድ ክፍለ ሀገር ወይም በጥቂት ከተሞች ውስጥ ያሉትን አባላት ማን የት እንዳለ ለይቶ ያውቃል። አዲስ የመጣውን ከነባሩ ጋር ያስተዋውቃል። በአንድ መናፈሻ ወይም በቤተ መዘክር በር ላይ የሚገናኙበትን ቀን ይቈርጣል፤ ስንቅ ይዘው መጥተው እንዲመጋገቡ፣ ስለ ቤታቸውና ስለ ሥራቸው እንዲጨዋወቱ ያደርጋል። ከተጣሉ ያስታርቃል፤ ከታመሙ ያጠያይቃል። መጓዝ ያልቻለውን በስልክና በደብዳቤ ከጓደኞቹ ጋር ያነጋግራል። ተግባሩ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን አስቡት፤ ለዓመታት ብቻውን ሲጸልይ የኖረ ሰው ከፊቱ ቆሞ በዚያው ቃል የሚጸልይ ሌላ ሰው ሲያይ የሚሰማው ስሜት ተራ ሊሆን አይችልም።

ይህ አሠራር የፈረንጅ አገር ፈጠራ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በፋዩም አውራጃ፣ ቴብቱኒስ በምትባል ከተማ፣ አዞ መሳዩን አምላክ ሶቤክን የሚያመልኩ ሰዎች ማኅበር ነበራቸው። የማኅበሩ ደንብ በፓፒሩስ ላይ ተጽፎ እስከ ዛሬ ደርሷል። አባላቱ በየወሩ መዋጮ ያዋጣሉ፤ በየጊዜው እየተሰበሰቡ አብረው ይበላሉ፤ ይጠጣሉ። ዘመድ ከሞተበት አባል ጋር ያዝናሉ፤ ፍርድ ቤት የገባውን ይረዳሉ። አባል ከከተማው ውጭ ቢሞት አስከሬኑን የሚያመጡ ሰዎች ይላካሉ። የቀረ፣ ያልረዳ ወይም ባልንጀራውን የሰደበ መቀጫ ይከፍላል። ደንቡም የሚጸናው ለአንድ ዓመት ነው፤ ዓመቱ ሲሞላ እንደ ገና ይስማሙበታል። ዕድርን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ደንብ ሲያነብ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ጽሑፍ መሆኑን ሳይዘነጋው አይቀርም። በእኔ አስተያየት የዛሬዎቹ ኬሜታውያን ከጥንቱ ዘመን ሊወርሱ ከሚችሉት ሁሉ ከፒራሚዱና ከወርቁ ጭምብል ይልቅ ይህ የቴብቱኒስ ደንብ ይበልጥባቸዋል።

ፈቃደኛውን የሚያሰናክሉት ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው ሹመት የሌለውን ሥራ እንደ ሹመት መቍጠር ነው። ሰውን የሚያሰባስብ ሰው ጥቂት ሲቆይ ስለ ሃይማኖቱ ትምህርት ዳኛ እኔ ነኝ ማለት ይቃጣዋል፤ ያን ጊዜ ማገናኘቱ ይቀርና ማለያየት ይጀምራል። ሁለተኛው ምሥጢር አለመጠበቅ ነው። ከምእመናኑ አንዳንዶቹ እምነታቸውን ለአሠሪያቸው ወይም ለወላጆቻቸው አልገለጹም፤ ስማቸውንና አድራሻቸውን ያለ ፈቃዳቸው ለሌላ አሳልፎ መስጠት ሰውን ከእንጀራው ሊያፈናቅል ይችላል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበዛው ድካም ነው። ያለ ደመወዝ፣ ያለ ምትክ፣ ዓመት እስከ ዓመት ለሌሎች የሚሮጥ ሰው አንድ ቀን ዝም ይላል፤ እርሱ ዝም ሲልም በእርሱ በኩል ይተዋወቁ የነበሩት ሁሉ እንደ ገና ይበታተናሉ።

ለዚህ ለሦስተኛው የጥንቶቹ ካህናት መላ ነበራቸው። የቤተ መቅደስ ካህናት በአራት ክፍል ተከፍለው እያንዳንዱ ክፍል አንድ ወር ያገለግላል፤ ወሩ ሲፈጸም ለተከታዩ አስረክቦ ወደ ቤቱና ወደ ሌላው ሥራው ይመለሳል። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን «ሰሞነኛ» የሚባለውን ካህን የሚያውቅ ተማሪ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ዓመት በሣልሳዊ በጥሊሞስ ዘመን ካህናት በካኖፖስ ተሰብስበው ባወጡት ዐዋጅ አምስተኛ ክፍል ተጨመረ። በዚሁ ዐዋጅ፣ በየአራት ዓመቱ በአምስቱ ትርፍ ቀኖች ላይ አንድ ስድስተኛ ቀን እንዲታከል ተወስኖ ነበር። ውሳኔው በጊዜው አልጸናም፤ ኋላ በሮማውያን ዘመን በእስክንድርያ ተሠራበት፤ ከዚያም ወደ እኛ ደርሶ በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን የምትሆነዋ ጳጉሜን ሆነች።

የዘመን ነገር ከተነሣ አንድ የሚያከራክር ጉዳይ እንጨምር። የኬሜታውያን ዐቢይ በዓል «ወፕ ሮንፔት»፣ ማለት «የዓመት መክፈቻ» ነው። ጥንት ይህ በዓል ሲርየስ ከተባለው ብሩህ ኮከብ ጋር ተያይዞ ነበር። ኮከቡ ለ70 ቀን ያህል ከተሰወረ በኋላ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት በምሥራቅ ብቅ ሲል የዓባይ ሙላት መቃረቡ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በግብፅ ሰማይ ይህ የሚሆነው በእኛ አቈጣጠር በሐምሌ መጨረሻ ገደማ ነው። ኮከቡ ግን ለሁሉም በአንድ ቀን አይታይም፤ በደቡብ ይቀድማል፤ በሰሜን ይዘገያል። በካይሮና በለንደን መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ሳምንት ይበልጣል። ታዲያ የተበታተነው ማኅበር ዓመቱን መቼ ይክፈት? ሁሉም በየሰማዩ ይጠብቅ ቢባል በዓሉ ከተፈጥሮ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚባባል አይኖርም። በአንድ ቦታ የታየው ለሁሉም ይታወጅ ቢባል አንድነቱ ይጠበቃል፤ ነገር ግን በሌላው አገር ያለው ምእመን የሚያከብረው ገና ያላየውን ኮከብ ነው። ሁለቱም ወገን በቂ ምክንያት አለው። ለእኔ የሚመስለኝ፣ ብቻውን ለሚኖር ሰው ከኮከቡ ይልቅ የባልንጀራው ድምፅ ይበልጥበታል።

ከበዓሉ በፊት ያሉት አምስቱ ትርፍ ቀኖች በጥንቱ ትውፊት ኦሳይረስ፣ ታላቁ ሆረስ፣ ሴት፣ አይሲስና ኔፍቲስ በየተራ የተወለዱባቸው ናቸው። ዓመቱ አልቆ ሌላው ስላልጀመረ አስፈሪ ቀኖች ተደርገው ይታዩ ነበር። ፈቃደኛው አገናኝ በየደጁ ያሉትን አባላት እየደወለ ደኅንነታቸውን ሊጠይቅባቸው ከሚገባው ቀኖች ሁሉ ቀዳሚዎቹ እነዚህ ይመስሉኛል።

ሐ/ የቃላት ፍች

ደለል፦ ጎርፍ ጠርጎ አምጥቶ የሚያስቀምጠው ለም አፈር።
ትውፊት፦ ከጥንት ሲያያዝ የመጣ ልማድ፣ ታሪክ ወይም እምነት።
መቀጫ፦ ደንብ ያፈረሰ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ወይም ሌላ ዋጋ።
ሰሞነኛ፦ ተራው ደርሶት በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ካህን።
ትርፍ ቀኖች፦ ከ12ቱ ባለ 30 ቀን ወሮች ተርፈው ዓመቱን የሚሞሉ ቀኖች።

መ/ ሰዋስው

የአማርኛ ግሥ አዕማድ አምስት መሆናቸውን ባለፉት ትምህርቶች አይታችኋል፤ እነርሱም አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ናቸው። የዛሬው ትምህርታችን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ይመለከታል።

«አስቴር አልማዝን ጠየቀች» ስንል ጠያቂዋ አንዲት ናት፤ ተጠያቂዋም ሌላ ናት። «አስቴርና አልማዝ ተጠያየቁ» ስንል ግን ሁለቱም ጠያቂ፣ ሁለቱም ተጠያቂ ሆነዋል። እንዲህ ያለው ግሥ ተደራራጊ ይባላል። ብዙውን ጊዜ «ተ» በፊቱ ይመጣል፤ ከመካከልም አንድ ፊደል ይደገማል፦ ነገረ፣ ተነጋገረ፤ ቀረበ፣ ተቀራረበ፤ ደገፈ፣ ተደጋገፈ። ሆኖም ፊደል ሳይደገም የሚመሠረትም አለ፦ መከረ፣ ተማከረ፤ ከፈለ፣ ተካፈለ።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። በምንባቡ ውስጥ «ይበታተናሉ» የሚል ግሥ አግኝታችኋል። ቅርጹ ከ«ይነጋገራሉ» ጋር አንድ ነው፤ ተደራራጊ ግን አይደለም። «ተበታተኑ» ማለት አንዱ ሌላውን በተነ፣ ሌላውም አንዱን በተነ ማለት አይደለም፤ በየአቅጣጫው ተበተኑ ማለት ነው። የፊደሉ መደጋገም የሚያሳየው የድርጊቱን ብዛት ነው። «ተሰባበረ»ና «ተቈራረጠም» እንደዚሁ ናቸው። ለመለየት «አንዱ ሌላውን» ወይም «አንዱ ለሌላው» የሚለውን ሐረግ አስገብታችሁ ፈትኑ፤ «አንዱ ለሌላው ነገረ» ትርጕም ይሰጣል፤ «አንዱ ሌላውን በተነ» ግን የታሰበውን ትርጕም አይሰጥም።

አደራራጊ ግሥ ሦስተኛ ሰው ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች ቢነጋገሩ ያነጋገራቸው አለ፤ ቢታረቁ ያስታረቃቸው አለ፤ ቢተዋወቁ ያስተዋወቃቸው አለ። ይህ ሦስተኛ ሰው ድርጊቱን ራሱ አይፈጽምም፤ ሌሎች እርስ በርሳቸው እንዲፈጽሙት ያደርጋል። በምንባቡ ውስጥ ፈቃደኛው የአረፍተ ነገር ባለቤት በሆነባቸው ቦታዎች ስንት አደራራጊ ግሥ እንዳለ ቍጠሩ። በተጨማሪም «አነጋገረ» የሚለውን ግሥ «አነጋገር» ከሚለው ስም ጋር እንዳታምታቱ ተጠንቀቁ፤ የመጀመሪያው ሁለት ሰዎችን እንዲነጋገሩ አደረገ ማለት ሲሆን ሁለተኛው የመናገር ሁኔታ ማለት ነው።

ሠ/ መልመጃ

1ኛ/ ከሚከተሉት ግሦች ተደራራጊና አደራራጊ አውጡ፤ በእያንዳንዱም አረፍተ ነገር ሥሩ፦ ጻፈ፣ ላከ፣ ዐወቀ፣ ሰማ፣ ረዳ።

2ኛ/ «ሳህኑ ከእጁ ወድቆ ተሰባበረ»፤ «ወንድማማቾቹ ርስቱን ተካፈሉ»፤ «ጎረቤታሞቹ ተኳረፉ»። ከነዚህ ውስጥ ተደራራጊ ያልሆነው የትኛው ነው? ምክንያቱን ጻፉ።

3ኛ/ ጸሐፊው ስለ ዓመቱ መክፈቻ በሰጠው አስተያየት ትስማማላችሁ? መልሳችሁን ከምንባቡ ውስጥና ከራሳችሁ ልምድ በሚወጣ ማስረጃ አስደግፉ።

4ኛ/ ድርሰት። ከዘመድ ርቃ በባዕድ ከተማ የምትኖር አንዲት አባል ማኅበሯ በአካባቢዋ ፈቃደኛ እንደ መደበላት ሰምታለች እንበል። ፈቃደኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚልክላትን ደብዳቤ ከ150 እስከ 200 በሚደርሱ ቃላት ጻፉ። ደብዳቤው ሳይሰብክና ሳያዝዝ እንድትመጣ የሚጋብዝ ይሁን፤ አድራሻዋን ከማን እንዳገኘም ሳይገልጽ አይለፍ። ቢያንስ አምስት ተደራራጊና ሦስት አደራራጊ ግሦች አግቡበት፤ ስትጨርሱም ከጎን ካለው ጓደኛችሁ ጋር ተለዋወጡና ተራረሙ።